ወደ መሐል የተገፋው ባዶ እጅ

ቤቱ ካርታ ያለው አድማጭ ያምጣው፤ ሁለቱን ጆከሮች አውጥቶ 52ቱን ብቻ ይያዝ። ካርታ የሌለውም አይቸገር፤ የዛሬው ዝግጅት በጆሮ ብቻ የሚከታተሉት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ቢኒየንስ ሆርስሹ በሚባል የቆየ ቁማር ቤት፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው ቤሩት የተወለደው ሳም ፋርሃ ነው። ያልተለኮሰ ሲጋራ ከንፈሩ ላይ ሰክቷል፤ ኑሮውን በዚሁ ጠረጴዛ ላይ የመሠረተ ሰው ነው። ሁለተኛው ክሪስ መኒሜከር ይባላል። የ27 ዓመት ወጣት፣ ከቴነሲ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ፤ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ጥቁር መነጽር አጥልቋል። የቤተሰቡ ስም ትርጉሙ “ገንዘብ ሠሪ” ነው። ለቀልድ የወጣ ቢመስልም እውነተኛ ስሙ ነው። የተቀመጡበት የፖከር ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ሲሆን፣ እሱ ግን የገባው ኢንተርኔት ላይ በ86 ዶላር በጀመረው ማጣሪያ አሸንፎ ነው። ከዚያ በፊት ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ውድድር ተጫውቶ አያውቅም።

839 ሰዎች ጀምረው የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ጠረጴዛው መሐል አምስት ካርታ ተገልጧል። መኒሜከር እጁ ላይ ምንም የለውም። ምንም! ይሁንና ፊቱ የተከመረውን ሁሉ ወደ መሐል ገፋው። ፋርሃ የተሻለ እጅ ይዟል፤ መጣል ወይስ መግባት እያለ ይቆዝማል።

ፋርሃ ምን እንዳደረገ እንመጣበታለን። በመጀመሪያ ግን ምን እያሰበ እንደነበር ለመረዳት ጨዋታውን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንዳንድ አድማጭ “ሬዲዮ ቁማር ማስተማር ጀመረ እንዴ?” ሊል ይችላል፤ አይፈረድበትም። በአማርኛ “ቁማርተኛ” ሲባል ሙያ ሳይሆን ስድብ ነው፤ ቤቱን፣ በሬውን፣ የልጆቹን ቀለብ አስይዞ የተበላ ሰው በየሰፈሩ ይታወቃልና። ፖከር ግን ሌላም ገጽ አለው። ከኮምፒውተር አባቶች አንዱ የሆነው የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን፣ ከኢኮኖሚስቱ ኦስካር ሞርገንስተርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ለፖከር ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ምክንያቱን ገበጣ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሁሉ ዓይን ፊት ነው፤ የተሻለ ያሰላ ያሸንፋል። ፖከር ላይ ግን ግማሹ ነገር ተደፍቷል። ሰው ያላየውን እየገመተ፣ ሌላው ምን እንደገመተ ደግሞ እየገመተ መወሰን አለበት። ነጋዴውም፣ የጦር አዛዡም፣ ቤት ሊከራይ የሚደራደረውም ሰው የሚኖረው እንዲህ ባለው ዓለም ነው።

ለዛሬ ትምህርት ገንዘባችን ቆርኪ ይሁን። ቁማር ቤቶች የሚጠቀሙበት ክብ ፕላስቲክ “ቺፕስ” ይባላል፤ እኛ አገር ግን ቺፕስ ድንች ስለሆነ ቆርኪው ይሻለናል።

ዛሬ ፖከር ሲባል አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ዓይነት ነው። የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሮብስታውን የምትባለውን ትንሽ ከተማ የጨዋታው የትውልድ ቦታ ብሎ በይፋ እውቅና ሰጥቷታል። ካርታው ይበወዝና ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት ተደፍቶ ይታደላል፤ ይህን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ቀጥሎ መሐል ላይ ሦስት ካርታ በአንድ ጊዜ ይገለጣል፤ ፍሎፕ ይሉታል። ከዚያ አንድ ይጨመራል፤ ተርን ይባላል። በመጨረሻ አምስተኛው ይወጣል፤ እሱም ሪቨር ነው። መሐል ያሉት አምስቱ የሁሉም ናቸው። ተጫዋቹ ከእጁ ሁለት፣ ከመሐል አምስት፣ በድምሩ ከሰባቱ የተሻሉትን አምስት መርጦ ያቀናጃል።

ካርታ በተጨመረ ቁጥር፣ ገና ሁለቱ እንደታደሉም ጭምር፣ መደብ የማስያዝ ተራ አለ፤ አራት ጊዜ ማለት ነው። ማንም ካላስያዘ ባለተራው ማለፍ ወይም ማስያዝ ይችላል። ቀድሞት ያስያዘ ካለ ሦስት ምርጫ አለው። ካርታውን መጣል፣ እኩሉን ማስገባት፣ ወይም ጨምሮ ማስያዝ። እስከ መጨረሻው የቆዩት ካርታቸውን ይገልጡና ጠንካራው እጅ ክምሩን ይወስዳል። ሌላው ሁሉ ከጣለ ግን የቀረው አንድ ሰው ካርታውን ሳያሳይ ይበላል። አድማጭ ይህቺን ነጥብ ቢይዛት ጥሩ ነው። በፖከር ለመብላት ጥሩ ካርታ መያዝ ግዴታ አይደለም፤ ሌላው ሰው ጥሩ ካርታ የያዝክ ከመሰለው በቂ ነው።

ሁሉም ሰው ጥሩ ካርታ እስኪመጣለት ተኝቶ እንዳይጠብቅ ደግሞ፣ በየዙሩ ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ ትንሽ መደብ በግዴታ ያስገባሉ። ግዴታው እየተዘዋወረ ለሁሉም ይደርሳል። የሚጠብቅ ሰው ቆርኪው ቀስ በቀስ ያልቃል።

የትኛው እጅ የትኛውን ያሸንፋል? ጀማሪ ይህን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሊሸመድድ ይሞክራል። አያስፈልግም። ሕጉ አንድ ነው፤ ብርቁ የተለመደውን ይረታል። ከ52 ካርታ አምስት አምስት እያደረጉ 2,598,960 የተለያየ እጅ ማውጣት ይቻላል። ከዚህ ውስጥ 1,302,540ው ባዶ ነው፤ ምንም አይገጥምም፣ ትልቁ ካርታ ብቻ ይታያል። 1,098,240ው አንድ ጥንድ አለው፤ ሁለት ንጉሥ ወይም ሁለት ሰባት እንበል። ሁለቱ ሲደመሩ ከመቶ 92 ይሆናሉ። እንግዲህ ሁለት ጥንድም፣ ሦስት አንድ ዓይነትም፣ ስማቸው ፊልም ላይ የሚሰማው ታላላቆቹም ሁሉ በቀረችው ስምንት ውስጥ የታጨቁ ናቸው።

ከሦስት አንድ ዓይነት በላይ ስትሬት አለ፤ አምስት ተከታታይ ቁጥር ነው፤ 10,200 ጊዜ ይገኛል። ቀጥሎ አምስቱም አንድ ምልክት የሆኑበት፣ ሁሉም ልብ ወይም ሁሉም ስፔድ የሆነ ፍለሽ ይመጣል፤ 5,108። ብዙ ጀማሪ እነዚህን ሁለቱን ያምታታል፤ ቁጥሩን ያስታወሰ ግን ፍለሽ እንደሚበልጥ አይጠፋውም። ፉል ሐውስ፣ ማለትም ሦስት አንድ ዓይነት ከአንድ ጥንድ ጋር፣ 3,744 ነው። አራት አንድ ዓይነት 624 ብቻ። ተከታታይም ሆኖ አንድ ምልክትም የሆነው እጅ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ከሆነው ውስጥ 40 ጊዜ ብቻ ይገኛል።

ደንቡ ይኸው ነው፤ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ከባዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው የመጀመሪያው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መጣል አይወድም። ካርታ የታደለው ለመጫወት እንጂ ለመጣል አይመስለውም። በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ጎበዝ የሚባሉት ተጫዋቾች ግን ከሚታደላቸው አብዛኛውን ወዲያው ይጥላሉ። ሁለት አስ የሚመጣው በአማካይ ከ221 እደላ አንድ ጊዜ ነው። ማንኛውም ጥንድ ራሱ ከ17 አንድ ጊዜ ገደማ ነው። እጁ ላይ ጥንድ ያልያዘ ሰው ደግሞ ሦስቱ የመሐል ካርታዎች ሲገለጡ ከእጁ ጋር የሚጣመር የሚያገኘው ከሦስት አንድ ጊዜ ነው። ሁለቱን ጊዜ ፍሎፑ ያልፈዋል። በደካማ ካርታ የሚገባ ሰው ይህን ወለድ በየዙሩ ይከፍላል። ሰባትና ሁለት፣ ምልክታቸውም የተለያየ ከሆነ፣ በጣም መጥፎው አጀማመር ተደርጎ ይቆጠራል፤ ያለ ጸጸት ይጣላል።

ሁለተኛው ነገር የመቀመጫ ቦታ ነው። መርካቶ የተገበያየ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ሻጩ “አንተ ስንት ትሰጣለህ?” የሚለው ለምንድን ነው? ቀድሞ ዋጋ የጠራ ራሱን ስለሚገልጥ ነዋ። በፖከርም ተራው መጨረሻ የሚደርሰው ሰው የሌሎቹን ማለፍ፣ ማስያዝና ማመንታት አይቶ ይወስናል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ካርታ ከመጀመሪያ ተራ ላይ የሚጣል፣ ከመጨረሻው ላይ ግን የሚጫወቱበት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዋጋ ማስላት ነው፤ እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ አይከፋም። መሐል 100 ቆርኪ አለ እንበል። ባላጋራ 50 አስያዘ። ለመቀጠል 50 ማስገባት ያስፈልጋል፤ ከገባ ክምሩ 200 ይሆናል። 50 ለ200፣ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ከአራት አንድ ጊዜ የሚያሸንፍ ሰው አይከስርም። አሁን የእኛ ሰው ከእጁና ከመሐል ተደምሮ አራት ልብ አለው፤ ሪቨር ብቻ ቀርቷል፤ አንድ ልብ ከመጣ ፍለሽ ሠራ። ልብ በጠቅላላው 13 ነው። አራቱን አይቷቸዋል፣ ዘጠኝ ይቀራል። ያላየው ካርታ 46 ነው። ዘጠኝ ለ46፣ ከአምስት አንድ ገደማ። የተጠየቀው ዋጋ ከአራት አንድ፣ ያለው ዕድል ከአምስት አንድ። ውድ ነው፤ ይጣል። ልብ ከመጣለት ባላጋራው ሌላም ይከፍለዋል ብሎ የሚያምን ብቻ ነው ሊገባ የሚችለው። ባላጋራው ያስያዘው 20 ቆርኪ ቢሆን ኖሮ ግን 20 ለ140፣ ከሰባት አንድ ይሆናል። ርካሽ ነው፤ ይግባ። ካርታው አንድ፣ ዕድሉም አንድ፤ ውሳኔውን የለወጠው ዋጋው ብቻ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ለማካፈል ጊዜ የለም የሚል ካለ፣ ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት አቋራጭ አለ። የሚጠቅሙት ካርታዎች ስንት እንደሆኑ ይቆጥራል። አንድ ካርታ ብቻ ከቀረ በሁለት፣ ሁለት ካርታ ከቀረ በአራት ያባዛዋል፤ ከመቶ ያለው ዕድል በግምት ይወጣለታል።

አሁን ወደ ፋርሃና ወደ መኒሜከር እንመለስ።

መኒሜከር የያዘው የስፔድ ንጉሥና የልብ ሰባት ነው። ፋርሃ የስፔድ ንግሥትና የልብ ዘጠኝ። ፍሎፑ ላይ የስፔድ ዘጠኝ፣ የዳይመንድ ሁለት፣ የስፔድ ስድስት ወጣ። ፋርሃ የዘጠኝ ጥንድ አገኘ፤ እየመራ ነው። ተርኑ የስፔድ ስምንት ሆነ። እዚህ ላይ የመኒሜከርን እጅ ልብ በሉ። አራት ስፔድ ሆኖለታል፤ በዚያ ላይ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ተደርድሮለታል። አንድ ስፔድ ወይም አንድ አምስት ወይም አንድ አሥር ከመጣ ያሸንፋል። ፋርሃ አስያዘ፤ መኒሜከር ጨመረበት፤ ፋርሃ ገባ። ሪቨሩ የልብ ሦስት ሆኖ ወጣ። ስፔድም አይደለም፣ አምስትም አይደለም፣ አሥርም አይደለም። ፋርሃ አለፈ። መኒሜከር ያለውን ሁሉ ገፋ።

ይህ ብለፍ ይባላል፤ ባዶ እጅ ይዞ እንደ ሞላለት ሰው ማስያዝ። ፊልም ብለፍን የፊት ጉዳይ ያደርገዋል፤ ላብ፣ ዓይን፣ የሚንቀጠቀጥ ጣት። እውነቱ ግን የትረካ ጉዳይ መሆኑ ነው። መኒሜከር ተርኑ ላይ ሲጨምር “ፍለሽ ወይም ስትሬት ይዣለሁ” የሚል ታሪክ ጀምሯል፤ መሐል ያሉት ሦስት ስፔዶችም መሰከሩለት። ሪቨሩ ላይ ሁሉንም ሲገፋ ያንኑ ታሪክ ጨረሰው። መሐሉ የማይመሰክርለት ብለፍ በአንዴ ይነቃል። ሒሳቡም አለው። 100 ባለበት ክምር ላይ 100 አስይዞ የሚበልፍ ሰው ከሁለት አንድ ጊዜ ከተሳካለት አይከስርም፤ 50 ብቻ ካስያዘ ከሦስት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ፎን ኖይማን በቀላል የፖከር ሞዴል ያሳየው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያስገርማል። ማስያዝ የሚገባው በጣም ጥሩውን እጅና በጣም መጥፎውን እጅ ይዞ ነው። በመካከለኛው እጅ ማለፍ ይሻላል፤ መካከለኛው ሳያስይዝም አንዳንዴ ያሸንፋልና።

ፋርሃ ተጠራጥሮ ነበር። ፍለሹን ሳትስተው አልቀረህም የሚል ነገር ፊት ለፊት ተናግሮታል። ትክክል ነበር! መኒሜከር ከመነጽሩ ጀርባ ዝም አለ። ፋርሃ ካርታውን ጣለ።

ብዙም ሳይቆይ ውድድሩ አለቀ። መኒሜከር በአምስትና በአራት ካርታ ጀምሮ ፉል ሐውስ ሠራና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ለዚያው ውድድር 2,576 ሰው ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ 8,773። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ካደረገው እኔስ ምን ይጎድለኛል ያለ ሰው ሁሉ ተሰለፈ።

ተሰላፊዎቹ ግን በዚያው ውድድር የተከሰተውን ሌላ እጅ ብዙም አላሰቡበትም። አሥር ሰው ሲቀር መኒሜከር ከባለሙያው ተጫዋች ከፊል አይቪ ጋር ገጠመ። አይቪ ሁለት ዘጠኝ ይዟል፣ መኒሜከር አስና ንግሥት። ፍሎፑ ላይ ሁለት ንግሥትና አንድ ስድስት ወጣ። ተርኑ ላይ ዘጠኝ ሲወጣ አይቪ ፉል ሐውስ ሠራና ያለው ሁሉ መሐል ገባ። በዚያች ሰዓት መኒሜከርን የሚያድኑት ካርታዎች ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሦስት አስ፣ ሦስት ስድስትና የቀረችው አንዲት ንግሥት። ከ44 ሰባት፣ ከመቶ 16 መሆኑ ነው። ሪቨሩ አስ ሆነ። አይቪ አንድም አልተሳሳተም፤ ግን ተነስቶ ሄደ። መኒሜከር ፋርሃን ያሸነፈው በድፍረቱ ነው፤ አይቪን ግን በዕድሉ። ሁለቱንም “ጎበዝ ስለሆነ ነው” የሚል ሰው ከፖከር የሚማረው የለም።

ይህን ልዩነት በትክክል የተማረች አንዲት ሴት አለች። ማሪያ ኮኒኮቫ የሥነ ልቦና ዶክተርና ጸሐፊ ናት። ፖከር ለመማር ስትነሳ አንድ እሽግ ካርታ ስንት ፍሬ እንዳለው እንኳ አታውቅም ነበር። ኤሪክ ሳይደል የተባለውን አንጋፋ ተጫዋች አስተማሪዋ እንዲሆን ለመነችው። ያኔ ትኖርበት የነበረው ኒው ዮርክ የኢንተርኔት ፖከር ስለማይፈቅድ ወንዙን ተሻግራ ኒው ጀርሲ ካፌ ውስጥ ተቀምጣ ትለማመድ ነበር። አንድ ቀን ጥሩ እጅ ይዛ በመጨረሻው ካርታ እንዴት እንደተበላች ልታማርር ስትጀምር ሳይደል አስቆማት። ሊሰማት የሚፈልገው ስለ አጨዋወቷ ጥያቄ ካላት ብቻ ነበር። የተበላ ሰው እሮሮ አያስተምርም፤ “በዚያች ሰዓት የማውቀውን ይዤ የወሰንኩት ትክክል ነበር?” የሚለው ጥያቄ ነው የሚያስተምረው። እ.ኤ.አ. በ2018 ባሃማስ ላይ በተደረገ ውድድር አንደኛ ወጥታ 84,600 ዶላር አሸነፈች።

ባለሙያዎችን በፖከር የሚረታ ማሽንም በመጨረሻ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ፒትስበርግ ውስጥ፣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም ከአራት ባለሙያዎች ጋር ለ20 ቀን 120,000 እጅ ተጫውቶ በሰፊ ልዩነት አሸነፋቸው። ያሸነፈው ፊት አይቶ አይደለም፤ ዓይን የለውምና። ሰዎቹ ቀን ያገኙበትን ቀዳዳ ሌሊት ሌሊት እያሰላ ሲደፍን ነበር የሚያድረው።

እነዚህን ስሞች ሰምቶ ነገ ደመወዙን ይዞ ለመሄድ የቃጣው አድማጭ ካለ ግን አንድ እውነት ይስማ። ቁማር ቤቱ ከሚሰበሰበው ክምር ድርሻውን ይቆርጣል፤ ወይም በሰዓት ያስከፍላል። ጠረጴዛው ላይ የሚዞረው ገንዘብ የተጫዋቾቹ የራሳቸው ነው፤ ከውጭ የሚጨመር የለም። ስለዚህ ሁሉም እኩል ጎበዝ ቢሆኑ ሁሉም ይከስራሉ፤ የሚያተርፈው ቤቱ ብቻ ነው። ገንዘብ ከተበላ በኋላ “ልመልስ” ብሎ መደብ መጨመር ደግሞ ከላይ የተማርነውን ሒሳብ ሁሉ ያፈርሰዋል። ካርታው ባለፈው ዙር የተበላውን ሰው አያስታውሰውም።

ስለዚህ ለመማር የፈለገ አድማጭ በቆርኪ ይጀምር። አራት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ 50 ቆርኪ ይድረሰው፤ ግዴታ የሚገባው መደብ አንድና ሁለት ቆርኪ ይሁን። አጠገባችሁ ወረቀት አኑሩ። ሃያ እጅ ተጫወቱና የበላችሁትን ሳይሆን የጣላችሁትን ጻፉ፤ ምን ይዛችሁ እንደነበር፣ ከስንተኛ ተራ እንደጣላችሁና ለምን። ሲያልቅ ወረቀቱን ተለዋወጡና አንብቡት። የሚያከራክራችሁ እጅ አይጠፋም፤ ጻፉልንና በሚቀጥለው ዝግጅታችን እንየው።